ንግግሩ እስኪያልቅ አይታረፍም

አክብሮት የማያወርደው ነገር የለም፤ አውሮፕላን ሳይቀር ያወርዳል። ይህን ታላቅ እውነት ለዓለም ያበረከተው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር የራሱ ሜዳና የራሱ ማማ ያለው፣ ስሙን ለትሕትናው ስንል የማንጠራው አንድ አነስተኛ የአየር ማመላለሻ ድርጅት ነው። ሌላው ዓለም አውሮፕላን የሚያሳርፈው ፈቃድ ጠይቆ፣ ነፋስ አይቶ፣ ነዳጅ ለክቶ ነው። ድርጅታችን ግን ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ይሉኝታ የሚባል መሣሪያ እንዳለ ደረሰበት። መሣሪያው መለዋወጫ አያስፈልገውም፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። ሁላችንም ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነው አድገናል።

የዚህን ግኝት ክብር ለመካፈል አሻፈረኝ ያለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እናትዓለም ትባላለች። የማማው ተቆጣጣሪ ናት፤ ከመስታወት ቤት ተቀምጣ ለአብራሪዎች «አሁን እረፉ፣ አሁን ቆዩ» የምትል ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስትል ኖራለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በሜዳው ላይ አንድም ሰው ስላልሞተ፣ በድርጅቱ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም።

ጥፋቱ የአስተዳደጓ ነው። አባቷ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ከሐይቁ ዳር ባለች ደብር ዜማ ያስተምራሉ። በእሳቸው ጉባኤ ተማሪ የተነገረውን ቃል በቃል ይመልሳል እንጂ «ሰማሁ» ብሎ ጭንቅላቱን ቢነቀንቅ የሚያምነው የለም። «የሰማ ይመልሳል፤ ያልመለሰ አልሰማም» ይላሉ የኔታ። እናትዓለም ከአባቷ ደጅ ተነስታ ማማ ላይ ስትወጣ ሕጉን ያው ሆኖ አገኘችው። አብራሪውም የተነገረውን ቃል በቃል መልሶ ካላሰማ ፈቃድ አገኘ አይባልም። ማማውን የወደደችው በዚህ ነው፤ በዓለም ላይ ሰው ሰውን በትክክል መስማቱን የሚያረጋግጥበት ሌላ ቢሮ አይታ አታውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የድርጅቱ የቦርድ ሰብሳቢ ክቡር አቶ ምናሴ አዲሱን የክቡራን እንግዶች ማረፊያ ሊመርቁ ከአዲስ አበባ ይመጡ ነበር። የሜዳው ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍቅረ ማርያም ራሳቸውን ጨምሮ ሰባት ሰው ያለበት የአቀባበል ኮሚቴ አቋቁመው፣ ከአንበሳሜ ከአንድ የሠርግ ዕቃ አከራይ ርዝመቱ አርባ ሜትር የሆነ ቀይ ምንጣፍ አስመጥተው አውሮፕላኑ ከሚቆምበት ቦታ ላይ አስነጠፉ። ከሰዓት በኋላ ከጣና ነፋስ እንደሚነሳ ታንኳ የሚቀዝፍ ሁሉ ያውቃል። ኮሚቴው ግን በአራት ስብሰባው ነፋስን አጀንዳ አላደረገም ነበር።

ነፋሱ ተነሳ። ምንጣፉም ከጫፉ ብድግ አለና እየተንከባለለ ወደ ማኮብኮቢያው ገባ። ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ከነከረባታቸው እየሮጡ ተከተሉት። ከማማው ላይ ሆና ይህን ያየችው እናትዓለም ቀና ስትል አውሮፕላኑ ከሐይቁ በላይ ጎማውን ዘርግቶ እየመጣ ነው። ማይክራፎኑን ያዘች።

«ማረፍ አልተፈቀደም። ወደ ላይ ተመለሱና አንድ ዙር ዙሩ።»

(የአየር ሰዎች የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ አንባቢን አክብረን በራሳችን ቋንቋ መልሰነዋል።)

የመለሰላት የለም። ደገመች። ሠለሰች። ሰባቱ ሰዎች ምንጣፉን ከማኮብኮቢያው መሐል ላይ ይዘው፣ ከየትኛው ጫፍ መጠቅለል እንዳለበት ይከራከሩ ነበር። አራተኛውን ጥሪ ስትጠራ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ በግራ እጇ መስታወቱን እየደበደበች አለቀሰች። ሰባት ሰው በዓይኗ ፊት ሊያልቅ ነው።

በአውሮፕላኑ ውስጥ የሆነውን ረዳት አብራሪው ጌትነት ኋላ ላይ ነግሯታል። ዋናው አብራሪ ካፒቴን ዓምደ ሚካኤል በሃያ ሁለት ዓመት የበረራ ዘመናቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ለታላቅ ሰው ሳይነሱ የማይቀመጡ፣ ጨዋ ናቸው። በዚያ ቀን ክቡር አቶ ምናሴ ከአብራሪዎቹ በር ላይ ቆመው፣ የተሳፋሪውን ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ እምቦጭን ከጣና ስለማጥፋትና የቆጋን ድንች በአውሮፕላን ለአውሮፓ ስለማቅረብ ንግግር ያደርጉ ነበር። ልክ «ድንቻችን ክንፍ ያወጣል» ሲሉ የማማው ሬዲዮ ጮኸ። ካፒቴኑ አፈሩ። ታላቅ ሰው እየተናገረ በመሐል መግባት ምን የሚሉት ነውር ነው? እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉት።

ጌትነት ግን ጥቂት ሰምቶ ነበር።

«ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...»

«ቀስ በል ልጄ፤ ክቡርነታቸው እየተናገሩ ነው።»

«አይ፣ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ እርስዎ ከኔ በላይ እንደሚያውቁት ባውቅም፣ ማማው ከቅድም ጀምሮ...»

«ከቅድም ጀምሮ ምን?»

«እንዲያው አንድ ነገር ለማለት የፈለገ ይመስላል። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን...»

ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ጎማው መሬት ነካ።

ሰባቱ የኮሚቴ አባላት በደመ ነፍስ ዘለው ከማኮብኮቢያው ዳር ካለው ቦይ ውስጥ ገቡ። አውሮፕላኑ በምንጣፉ ላይ ሄደበት፤ ምንጣፉም ከጎማው ተጠምጥሞ እየተጎተተ ከማረፊያው በር ድረስ መጣ። በሩ ሲከፈት ክቡር አቶ ምናሴ የመጀመሪያ እግራቸውን ያሳረፉት በቀይ ምንጣፍ ላይ ነበር። ዘወር ሲሉ ከቦዩ ውስጥ ሰባት ሰዎች ጭቃ ለብሰው ብቅ ብለው እያጨበጨቡ ነው።

«እንዲህ ያለ አቀባበል የትም አገር አይቼ አላውቅም» አሉ ክቡርነታቸው፤ ከልባቸው ነበር።

እናትዓለም በዚያው ዕለት አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፈች፦ «አውሮፕላኑ ያለ ፈቃድ አርፏል። አራት ጊዜ ብከለክልም አልመለሰልኝም። ሰባት ሰዎች ለጥቂት ተርፈዋል።» ሪፖርቱ ለአቶ ፍቅረ ማርያም ደረሰ። እሳቸውም ነገሩን በገለልተኛነት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋሙ። በሜዳው ላይ በዕለቱ የሆነውን ከነሱ ይበልጥ የሚያውቅ ስለሌለ፣ አባላቱ እነዚያው ሰባቱ እንዲሆኑ ተወሰነ።

ኮሚቴው የማማውን የድምፅ ቅጂ አስከፍቶ ሦስት ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ እናትዓለም ተጠራች።

«አራት ጊዜ ተጣርተሻል። እውነት ነው?» አሉ አቶ ፍቅረ ማርያም።

«እውነት ነው።»

«ከአራቱ ጥሪ በአንዱ እንኳ ‹ክቡር› የሚል ቃል አለ?»

«የለም። ግን እኔ የምናገረው ለአውሮፕላኑ ነበር።»

«አውሮፕላኑ ውስጥ ማን እንደነበረ አታውቂም? ደግሞ አራተኛው ላይ ጮኸሻል። ይመዝገብልኝ፤ ጮኻለች።»

«አቶ ፍቅረ ማርያም፣ የጮኽሁት ለእርስዎ ነው! ቦዩ ውስጥ የገቡት እርስዎ አይደሉም?»

«ቦዩ ውስጥ የነበርሁት ለመስክ ምልከታ ነው።»

«አንድ እግር ጫማዎ እስከ ዛሬ አልተገኘም እኮ።»

«ጫማ አጀንዳ አይደለም» አሉ፤ የቀሩት ስድስቱም ጫማ አጀንዳ አለመሆኑን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ።

ኮሚቴው በሰው ላይ ጨካኝ አልነበረም። የደረሰበት ግኝት እንዲህ ይላል፦ ክቡርነታቸው የተሳፈሩበት አውሮፕላን ያለ ፈቃድ ሊያርፍ ስለማይችል፣ ካረፈ ዘንድ ፈቃድ ነበረው፤ ፈቃዱ በቃል ባይሰጥም በመንፈስ ተሰጥቷል፤ የጎደለው የተቆጣጣሪዋ ፊርማ ብቻ ነው። አቶ ፍቅረ ማርያም ቃለ ጉባኤውን ወደ እናትዓለም ገፋ አደረጉት።

«‹ለማረፍ ፈቅጃለሁ› ይላል። ፈርሚና ማማሽ ላይ ቆዪ። እኔ ክፉሽን አልፈልግም።»

«ካልፈረምሁስ?»

«እንግዲህ ማማው ሌላ ሰው ይወጣበታላ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። እናትዓለም እስከ ነገ ጊዜ ጠየቀች። የዚያን ዕለት ማታ አባቷ ዘንድ ስትሄድ ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ማማውን ካጣች የት ትገባለች? ዕድሜዋ አርባ ሊሞላ ነው፤ ከዚህ ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም፤ የምትወደውም የለም። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን መቋሚያቸውን ተደግፈው አዳመጧት።

«ያላልሁትን ብያለሁ ብለሽ ፈርሚ ይሉኛል፣ አባቴ።»

«ተማሪ ያልነገርሁትን ቢመልስልኝ ምን እለዋለሁ?»

«‹ከየት አመጣኸው?› ይሉታል።»

«ከዚያስ?»

«ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል።»

«እንግዲህ ከመጀመሪያው መጀመር የሚከብድሽ ከሆነ ፈርሚያ» አሉና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

አልፈረመችም። በሦስተኛው ቀን አራት ገጽ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው ስላሳየችው የአሥራ አንድ ዓመት ትጋት አመስግኖ፣ ትጋቷ ይበልጥ ወደሚፈለግበት ወደ ክቡራን እንግዶች ማረፊያ በፎጣና በለስላሳ መጠጥ ኃላፊነት ያዛውራታል። በቦታዋ አዘዘ የሚባል፣ መመሪያ ጥሶ የማያውቅ ሰው ተተካ። ለካፒቴን ዓምደ ሚካኤል ደግሞ «ትዕግሥት ለተመላበት ማረፍ» ካባ እንዲለብሱ ተወሰነ። ወደፊት እንዲህ ያለ ድፍረት እንዳይደገምም መመሪያ ቁጥር አንድ ወጣ፦ «ክቡራን እንግዶች በሚናገሩበት ጊዜ ማማው ዝም ይላል። የማረፊያ ፈቃድ የሚሰጠው ‹ንግግሩ ተጠናቋል› የሚል ሪፖርት ከአውሮፕላኑ ሲደርስ ብቻ ነው።» ያን ጩኸት ያስቀረው የማማው ድምፅ መቅጃም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲቆም ተደረገ። እናትዓለም ፎጣ እያጣጠፈች ማማውን ከታች ቀና ብላ ታየው ነበር።

የካባው ቀን መጋቢት ላይ ዋለ። ካባውን የሚያለብሱት ክቡር አቶ ምናሴ ስለሆኑ፣ አቶ ፍቅረ ማርያም አጅበው ሊያመጧቸው አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። የሚያበሩት ራሳቸው ባለካባው ናቸው፤ ረዳታቸውም ጌትነት ነው። ክቡርነታቸው ድምፅ ማጉያውን የያዙት የዓባይን በረሃ ሲሻገሩ ነበር። ርዕሳቸው «አጭር ንግግር ለልማት ያለው ፋይዳ» ነው። ሐይቁ ላይ ሲደርሱ የመግቢያውን ገጽ ጨርሰው ነበር።

ካፒቴኑ እንደ ልማዳቸው ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉት፤ አሁን ግን መመሪያ ስላለ ንግግሩ ሳያልቅ ማረፍ አልቻሉም። አዘዘም በበኩሉ መመሪያውን አክብሮ ዝም አለ። አውሮፕላኑ ዘጌን ዞረ፤ እስከ ጎርጎራ ዘለቀና ተመለሰ፤ እንደገና ዘጌን ዞረ። ተሳፋሪው ገባው። አንድ ብልህ ሰው ያበቃ ይሆናል ብሎ አጨበጨበ፤ ሁሉም ተከተለው። ነገር ግን በእኛ አገር ጭብጨባ ለተናጋሪ ነዳጅ ነው። የአውሮፕላኑ እያለቀ ሲሄድ የክቡርነታቸው ይሞላ ጀመር። በአራተኛው ዙር ላይ ሕፃናት ያስመልሱ ነበር፤ እናቶቻቸው ግን ጭብጨባውን አላቋረጡም።

እናትዓለም ብርጭቆ እየወለወለች ሳለ ስልኳ ጠራ።

«እናትዓለም፣ እኔ ነኝ፣ ፍቅረ ማርያም ነኝ» አለ ሹክሹክታ። «እባክሽ እኅቴ፣ አውርዱን።»

«ክቡርነታቸው ጨረሱ?»

«ኧረ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ናቸው! ጌትነት የነዳጁ ቀይ መብራት በራ እያለ ያለቅሳል።»

ፎጣውን ወርውራ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠች ማማው ላይ ወጣች። አዘዘ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ፈቃድ ስጣቸው!»

«ንግግሩ አልተጠናቀቀም።»

«ነዳጃቸው እያለቀ ነው፣ አዘዘ!»

«መመሪያው ላይ እኮ ነዳጅ የሚል ቃል የለም፣ እቴ» አላት፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እያሳያት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ላብ አጥምቆታል።

ማይክራፎኑን ነጠቀችው። «ለማረፍ ተፈቅዷል!» አለች። የመለሰ የለም። ደግማ አለች። ዝም። ያልመለሰ አልሰማም። ስልኩን አነሳች።

«አቶ ፍቅረ ማርያም፣ ፈቃዱን ሰጥቻለሁ፤ ካፒቴኑ ግን አይሰሙኝም። ክቡርነታቸው ዝም ካላሉ ሬዲዮውን ከፍ አያደርጉትም። ያስቁሟቸው።»

«እኔ? ክቡርነታቸውን? አብደሻል?»

«በመስኮቱ ወደ ታች ይመልከቱ። ምን ይታይዎታል?»

«ውኃ።»

«መዋኘት ይችላሉ?»

አቶ ፍቅረ ማርያም የጎርጎራ ተወላጅ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ተወልደው ሐይቁ ዳር አድገዋል። መዋኘት ግን አይችሉም። አርባ ዓመት በይሉኝታ ታፍኖ የኖረ ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ዝም በል! አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል!»

ጩኸቱ ከስልኩ አልፎ አዘዘን ከወንበሩ አስነሳው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ካፒቴን ዓምደ ሚካኤል ድምፅ ማጉያው የተበላሸ መስሏቸው ደንግጠው ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ አዞሩ፤ ሬዲዮውም አብሮ ከፍ አለ። እናትዓለም ለሦስተኛ ጊዜ «ለማረፍ ተፈቅዷል» ስትል፣ ጌትነት ካፒቴኑን ሳያስፈቅድ፣ ይቅርታም ሳይጠይቅ፣ ቃል በቃል መለሰላት። አውሮፕላኑ አረፈ። እናትዓለም ወንበሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ምስጋናም ንዴትም ነበረበት።

ክቡር አቶ ምናሴ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ወረዱ። ማረፊያው ገብተው ሲቀመጡ አጃቢዎቻቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ማን ነው የተናገረኝ?»

ሁሉም ጫማቸውን አዩ። ጩኸቱን ያልሰማ የለም፤ የማን እንደሆነ ያልለየም የለም። ግን ታላቅ ሰው ፊት ሌላ ታላቅ ሰው ማጋለጥ ነውር ነው። አቶ ፍቅረ ማርያም ጣሪያውን አዩ።

«ክቡርነትዎ፣ ለኔስ... ከላይ የመጣ መሰለኝ።»

«እኔም ከላይ ነው የሰማሁት» አሉ ካፒቴኑ፤ ሲጠየቁ መስማማት ልማዳቸው ነው።

«ከገዳማቱ በላይ ነበርን እኮ» አለ ሌላው።

የክቡርነታቸው ዓይን እንባ አቀረረ። «ለኔ?» አሉ። «በስሜ ሳይጠራኝ?»

«ሰውዬ ብሎ የሚጠራ እሱ ብቻ ነው እንጂ፣ ሰው ማን ይደፍራል?» አሉ አቶ ፍቅረ ማርያም።

ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ፣ ሰባቱ ማለት ነው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ሥራውን ጨረሰ። ሰብሳቢው አቶ ፍቅረ ማርያም ነበሩ። ድምፁ ሰማያዊ መሆኑ ተረጋገጠ፤ በሜዳው መግቢያ ላይም መታሰቢያ ሐውልት እንዲቆም ተወሰነ። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ለሐውልቱ የሚሆን የግእዝ ጽሑፍ እንዲሰጡ ተጠይቀው ነበር። «እግዚአብሔር ሙሴን ‹ሂድና ተናገር› አለው። አቶ ምናሴን ‹ዝም በል› ካለ ሁለቱንም በደንብ ያውቃቸዋል ማለት ነው» ብለው መልእክተኛውን ሸኙት። ኮሚቴው ግእዙን ትቶ በአማርኛ «ዝምታ ወርቅ ነው» አስቀረጸ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ድምፁ ከማማው እንዳልወጣ የሚመሰክር ፊርማ ያስፈልጋል። በዚያች ሰዓት ማይክራፎኑን ይዛ የነበረችው ደግሞ እናትዓለም ናት። አቶ ፍቅረ ማርያም ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው ፎጣ ወደሚታጠፍበት ክፍል መጡ።

እናትዓለም ሁለት ጊዜ አነበበችው፦ «በዕለቱ ከማማው ‹ዝም በል› የሚል ቃል አልተነገረም።»

«እውነት ነው፤ አልተነገረም» አለች። «ማን እንደተናገረው ግን አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም» አሉ ፈጥነው።

እስክሪብቶ ተቀብላ ፈረመች። «ማማዬስ?»

«ነገ ግቢ።»

ያነሳት ደብዳቤ አራት ገጽ ነበር፤ የመለሳት ሁለት ቃል ሆነ። በማግስቱ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መመሪያ ቁጥር አንድ ግን ግድግዳው ላይ እንዳለ ነበር፤ እንዲያውም «በአየርም ሆነ በምድር» የሚል ተጨምሮበታል።

ሐውልቱ የተመረቀው በግንቦት ነው። ድንኳን ተጣለ፤ ሠራተኛው ሁሉ ለማጨብጨብ በጠዋት ተሰለፈ። ካፒቴን ዓምደ ሚካኤል በዚያ ሙቀት ካባቸውን ደርበው ከፊት ተቀመጡ። ክቡር አቶ ምናሴ መጋረጃውን ገልጠው፣ ሰማይ ስላዘዛቸው ዝምታ ንግግር ማድረግ ጀመሩ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆናቸው። የዝምታን ትርጉም ጨርሰው ወደ ዝምታ ታሪክ ሲሻገሩ፣ ከሐይቁ በላይ አንድ አውሮፕላን ብቅ አለ። ክቡር የሚባል አንድም ሰው ያልተሳፈረበት፣ ነጋዴና ተማሪ፣ ሕመምተኛና አስታማሚ የጫነ ተራ አውሮፕላን ነው።

«ለማረፍ ፈቃድ እንጠይቃለን» አለ በሬዲዮው የጌትነት ድምፅ።

እናትዓለም ወደ ታች አየች። አቶ ፍቅረ ማርያም ከድንኳኑ ደጅ ቆመው በሁለት እጃቸው «ቆዪ! ቆዪ!» እያሉ ያመለክታሉ። ማኮብኮቢያውን አየች፤ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አየች። ይኼን ወንበር ዳግመኛ ማጣቱ አስፈራት፤ በእውነት አስፈራት። ማይክራፎኑን ያዘች።

«ለማረፍ ተፈቅዷል።»

ጌትነት ቃል በቃል መለሰ። አውሮፕላኑ ከድንኳኑ በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሸራው ተርገበገበ፤ ክቡርነታቸው «ዝምታ ማለት...» እንዳሉ ቀሪው በጩኸቱ ተዋጠ። ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ሠራተኛ በአንድነት ተነስቶ ከልቡ አጨበጨበ። ክቡርነታቸው ለራሳቸው መስሏቸው እጅ ነሱ።

አቶ ፍቅረ ማርያም ስድሳ አራቱን ደረጃ እያለከለኩ ወጡ።

«ማን ፈቀደ? ክቡርነታቸው እየተናገሩ?»

«እኔ ነኝ የፈቀድሁ።»

«መመሪያውን ታውቂዋለሽ! አሁኑኑ፣ ዛሬውኑ ደብዳቤሽን እጽፋለሁ! ፎጣ አይደለም፣ ከግቢው ነው የምትወጪ!»

እናትዓለም ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። አልጮኸችም።

«አቶ ፍቅረ ማርያም፣ መጋቢት ላይ ያን ስልክ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ልጅ ነኝ፤ የሰማሁትን መመለስ ነው ያደግሁበት።» መስኮቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ከታች ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር። «ከዚህ ብጣራ ድንኳኑ ድረስ ይሰማል። ቃል በቃል ልመልስልዎት?»

አቶ ፍቅረ ማርያም መስኮቱን አዩ፤ ሐውልቱን አዩ፤ ከዚያ ዞረው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ስድሳ አራቱንም ሲወርዱ ትንፍሽ አላሉም። ሐውልቱ ከቆመ ወዲህ ቃሉን የፈጸመ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።